ቴርሞሜትር ሙቀትን እንዴት እንደሚለካና ለቤታችን ስለሚሰጠው ጥቅም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሞ ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ይህችን ጊዜ ስለ ፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን። ሰዓቱ እንደ ሄደ እናውቃለን፤ ቡናውም እየተፈላ ነው። ቢሆንም ጥቂት ብትታገሡን ለሁላችንም የሚበጅ ነገር ይዘን ቀርበናል።

እንደሚታወቀው እድራችን ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበርና ሰሐን አለው። ይህ ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ የሚወጣ ንብረት ነው። ለሰርግ ከምናከራየው በቀር፣ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ይረዳው ተብሎ ከግምጃ ቤታችን የሚወጣ አንድም ዕቃ የለንም። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ እርሷም ቴርሞሜትር ናት። እንዴት እንደምትሠራ ካወቅን እንዴት እንደምንይዛት እናውቃለን። እንዴት እንደምንይዛት ካወቅን ደግሞ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን በጊዜ ወደ ሐኪም እናደርሰዋለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ዕድሜያችንን ያሳለፍነው በመዝገብና በካርቦን ወረቀት መካከል ነው። በጡረታ ከመገለላችን በፊት በአንድ የጤና ድርጅት በንብረት ክፍል ጸሐፊነት ስናገለግል፣ ቴርሞሜትር በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እያደረግን ስንመዘግብ ኖረናል። ታዲያ ከዕቃው ሁሉ ቶሎ ቶሎ «ተሰበረ» ተብሎ የሚመለሰው እርሱ ነበር። ምክንያቱ ምን ይሆን እያልን ነርሶቹን መጠየቅ፣ ያገኘነውንም መጽሐፍ ማንበብ ጀመርን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ከዚያ የቃረምነውን ነው።

በመጀመሪያ «እጅ እያለን ቴርሞሜትር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። እናት የልጇን ግንባር በእጇ ዳስሳ «አተኩሶታል» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናት። ነገር ግን እጅ የሚያወዳድር እንጂ የሚለካ አይደለም። ማመን ያቃተው ሰው ቤቱ ሲገባ ይህን ይሞክር። ሦስት ሳፋ ያቅርብ። በአንዱ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በአንዱ እጅ የማያቃጥል ሙቅ ውኃ፣ በመካከለኛው ለብ ያለ ውኃ ያድርግ። አንዱን እጁን በቀዝቃዛው፣ ሌላውን በሙቁ ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይንከር። ከዚያ ሁለቱንም እጆች ባንድ ጊዜ ወደ መካከለኛው ሳፋ ያግባ። ከቀዝቃዛው የመጣው እጅ «ይህ ውኃ ይሞቃል» ይላል፤ ከሙቁ የመጣው እጅ «ኧረ ይቀዘቅዛል» ይላል። ውኃው አንድ ነው፣ ሰውየውም አንድ ነው፤ ሁለቱ እጆች ግን ሁለት ምስክር ሆነው ተለያዩ።

አሁን ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። እናት እንጀራ ስትጋግር ቆይታ ከምጣዱ ተነሥታ የልጇን ግንባር ብትዳስስ፣ እጇ ራሱ ስለ ጋለ ልጁ ያተኮሰው ሳይመስላት ሊቀር ይችላል። ልብስ ስታጥብ ቆይታ በቀዘቀዘ እጇ ብትዳስሰው ደግሞ ጤነኛው ልጅ ትኩሳት ያለበት ሊመስላት ይችላል። ጥፋቱ የእናት አይደለም፤ የእጅ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ የማይጋግር፣ የማያጥብ፣ ለማንም የማያዳላ ምስክር ያስፈልጋል።

ይህ ምስክር የተገኘው ከአንድ ቀላል ነገር ነው። ይኸውም ነገር ሁሉ፣ ከጥቂት በቀር፣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣሪያችን ቆርቆሮ አይደለም እንዴ? ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ማታም ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል። ሌባ መጣ ብሎ ዱላ ይዞ የተነሣ ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ሌባ ሳይሆን ቆርቆሮው ሲሰፋና ሲሰበሰብ ሚስማሩን እየታገለ ነው። በወፍራም ብርጭቆ ላይ ትኩስ ሻይ ድንገት ሲቀዳበት የሚሰነጠቀውም፣ የውስጡ ወገን ሞቆ ሊሰፋ ሲል የውጪው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ አልሰፋም ስለሚለው ነው። ማንኪያ ከትተን የምንቀዳው ማንኪያው ከሙቀቱ ጥቂቱን እንዲጋራልን ነው።

የባቡር ሐዲድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር መሥመር ርዝመቱ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ሐዲድ ላይ ብረት ከብረት ሲጋጠም በመካከሉ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። አሥር ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር በሦስት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ይህ ለዓይን ምንም አይደለም። ነገር ግን መሥመሩ ሁሉ አንድ ወጥ ብረት ቢሆንና ነፃ ሆኖ ቢለጠጥ፣ በሒሳብ ሲታሰብ ከ250 ሜትር በላይ በረዘመ ነበር። ባቡር ሲሄድ የምንሰማው ኳ ኳ የሚል ድምፅ መንኮራኩሩ ያንን ክፍተት ሲሻገር ነው።

ለምን ይሰፋል ለሚለው፣ መልሱን በድንኳናችን እናስረዳ። ነገር ሁሉ የተሠራው ለዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። እነዚህም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይንቀጠቀጣሉ። ሙቀት ማለት ይኸው እንቅስቃሴ ነው። በለቅሶ ጊዜ መቶ ሰው በድንኳናችን ውስጥ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በሰርግ ጊዜ ግን ያው መቶ ሰው እስክስታ ሲጀምር ቦታ ይጠበዋል፤ የድንኳኑም ሸራ ወደ ውጭ ይገፋል። የሰው ቁጥር አልጨመረም፤ የጨመረው እንቅስቃሴው ነው። ነገርም ሲሞቅ ክብደቱ ሳይጨምር ቦታ የሚፈልገው በዚሁ ዓይነት ነው። ጠጣር ነገር በጥቂቱ ይሰፋል፤ ፈሳሽ ከዚያ ይበልጣል፤ አየርና ጋዝ ከሁሉም ይበልጣሉ።

እንግዲህ ነገር በሙቀት መጠን የሚሰፋ ከሆነ፣ ምን ያህል እንደ ሰፋ አይተን ምን ያህል እንደ ሞቀ መናገር እንችላለን ማለት ነው። የቴርሞሜትር ጥበብ ይህችው ናት። ችግሩ ግን የመስፋቱ መጠን እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ለዓይን እንድትታይ ያደረገው ዘዴ በሁላችንም ቤት ይገኛል። እርሱም ብርሌ ነው።

ብርሌ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ሩብ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርገን በአሥር ዲግሪ ብናሞቀው፣ ከፍታው የሚጨምረው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ማንም አያየውም። ያንኑ አልኮል ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንገት ባለው ብርሌ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞልተን ብናሞቀው ግን ወደ ዘጠኝ ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። አንገቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ደግሞ ወደ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ይወጣ ነበር። (ይህን ግን ከእሳት አጠገብ ማንም እንዳይሞክረው፤ አልኮል ይቀጣጠላል።) አልኮሉ በሦስቱም ዕቃ የሰፋው እኩል ነው። አንገቱ በጠበበ ቁጥር ግን የሰፋው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይሸሻል። ቴርሞሜትር ማለት እንግዲህ አፉ የተደፈነ፣ አንገቱ እንደ ጠጉር የቀጠነ ትንሽ ብርሌ ነው።

ለሐኪም ቴርሞሜትርም ሒሳቡ ያው ነው። በጫፉ ባለችው ከረጢት ውስጥ የመርፌ መድኃኒት አንድ ሲሲ ከአሥር ተከፍሎ አንድ እጁን የሚያህል ሜርኩሪ አለ እንበል። ሜርኩሪ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ እንደ ውኃ የሚፈስስ ብረት ነው። በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ከመጠኑ ከአሥር ሺህ ሁለት እጅ እንኳ አይሰፋም። ቱቦው ግን ከአንድ ሚሊሜትር ሃያ እጅ አንዱን ብቻ የሚሰፋ ከሆነ፣ ያች ኢምንት ጭማሪ ሰምንት ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ በአንድ ዲግሪ መካከል አሥር ጭረት መጻፍ ይቻላል። ፊቱም እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ የተሠራው ያችን ቀጭን መሥመር ወፍራም አድርጎ እንዲያሳየን ነው። ቴርሞሜትሩን በጣት እያዟዟሩ የሚፈልጉትም መሥመሩ በአንድ በኩል ብቻ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

«ታዲያ ውኃ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን ሜርኩሪ?» ቢባል፣ ውኃ አመለኛ ነው። ከዜሮ እስከ አራት ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ መስፋቱ ቀርቶ ይሰበሰባል፤ ከአራት ዲግሪ በኋላ ነው መስፋት የሚጀምረው። በዜሮ ደግሞ በረዶ ሆኖ ያብጣል። በማቀዝቀዣ ተረስቶ የቀረ ጠርሙስ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ምስክር ማን ያምነዋል? ሜርኩሪ ግን ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ካልደረሰ አይረጋም፣ 357 ዲግሪ ካልደረሰም አይፈላም፤ የብርጭቆውን ግድግዳ አያርስም፣ ሙቀትንም ቶሎ ይቀበላል። አልኮል ከሜርኩሪ ስድስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፣ ለብርቱ ቅዝቃዜም ይስማማል፤ ይሁን እንጂ በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ለፈላ ውኃ አይሆንም። ራሱ መልክ ስለሌለው ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል።

አሁን ደግሞ ይህን ያገኙትን ሰዎች ጥቂት እናንሣ። የጣሊያኑ ሊቅ ጋሊሌዮ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአየር መስፋት የሚሠራ መሣሪያ አሳይቷል። ሳንቶሪዮ የተባለ የፓዱዋ ሐኪም መለኪያ ጭረት ጨመረበት። ነገር ግን አፉ ክፍት ስለነበረ የአየሩም ግፊት ይጫወትበት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቶስካናው መስፍን ዳግማዊ ፈርዲናንድ አልኮል ጨምሮ አፉን ዘጋው፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ሆነ።

ከዚያ ፋራናይት መጣ። የፋራናይትን ነገር እድርተኛ ሁሉ ሊሰማው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1701 እናቱና አባቱ መርዛም እንጉዳይ በልተው በአንድ ቀን ሞቱበት፤ እርሱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረ። ከዳንዚግ ከተማ ወደ አምስተርዳም ተልኮ የነጋዴ ተለማማጅ ሆነ። ልቡ ግን ወደ መሣሪያ ሥራ አዘነበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1714 አስተማማኝ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሠራ። በእርሱ ልክ ውኃ በ32 ይረጋል፣ በ212 ይፈላል። በስዊድን አገር ደግሞ አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መካከሉን ለመቶ ከፈለው። የሚያስገርመው እርሱ የጀመረው ተገላቢጦሽ አድርጎ ነበር፤ የሚፈላበትን ዜሮ፣ የሚረጋበትን መቶ ብሎ። በ1744 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ልኩም ኋላ ተገልብጦ ዛሬ የምናውቀው ሆነ። እኛ በትምህርት ቤት ሴንቲግሬድ ብለን የተማርነው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ነገር ማንሣት ግድ ነው። ውኃ በመቶ ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ ይፈላል። ስለዚህ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ውኃችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ነው፤ ውኃው ይፈላል እንጂ የሚገባውን ያህል አይሞቅም። ቴርሞሜትር በፈላ ውኃ እፈትናለሁ የሚል ሰውም ይህን ይወቅ። 92 ቢያነብ ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፤ አገራችን ከፍ ስላለች ነው።

ወደ ሕሙማን የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ክሊፎርድ ኦልበት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አጭር ቴርሞሜትር እስኪሠራ ድረስ መሣሪያው ክንድ የሚያህል ረጅም፣ ሃያ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ነበር። እርሱ ወደ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አሳጠረው፤ ጊዜውንም ወደ አምስት ደቂቃ አወረደው። ቩንደርሊክ የተባለ የጀርመን ሐኪም ደግሞ የብዙ ሺህ ሕሙማንን ሙቀት መዝግቦ በ1868 መጽሐፍ አወጣ፤ 37 ዲግሪ የጤነኛ ሰው ልክ ተብሎ የታወቀው ከእርሱ ወዲህ ነው። መዝገብ ያዥ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል በዚህ እዩ!

አሁን ወደ ስብራቱ እንምጣ። በሐኪም ቴርሞሜትር ቱቦ ውስጥ፣ ከከረጢቷ በላይ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ጠባብ ቦታ አለ። ሜርኩሪው ሲሰፋ ተገፍቶ ያልፋታል፤ ሲቀዘቅዝ ግን መሥመሩ እዚያ ላይ ተቆርጦ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ከሕመምተኛው ብብት ወጥቶ ወደ መስኮት እስኪደርስ ድረስ ንባቡ አይለወጥም። ከመለካት በፊት ከ35 በታች እስኪወርድ የምናራግፈውም ለዚሁ ነው፤ ያልተራገፈ ከሆነ የትናንቱን በሽተኛ ሙቀት ለዛሬው ይመሰክርበታል። ቱቦው 42 ዲግሪ ላይ ያልቃል። እንግዲህ ይህን ዕቃ በፈላ ውኃ ያጠበ ሰው ምን አደረገ? ሜርኩሪው እስከ 92 ዲግሪ ልስፋ ይላል፤ መሄጃ የለውም፤ ብርጭቆውን ይሰብራል። በንብረት ክፍላችን «ተሰበረ» እየተባለ ይመለስ ከነበረው ብዙው በዚህ መንገድ የተሰበረ ነበር። አጥቢው ንጽሕና ወዶ ነው፤ የነገሩን ሥር የነገረው ግን አልነበረም። ቴርሞሜትር የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና፣ ወይም በአልኮል በማበስ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባ ነገር ቴርሞሜትር የሚናገረው የራሱን ሙቀት ብቻ መሆኑ ነው። የልጁን ሙቀት የሚናገረው ከልጁ ጋር እኩል እስኪሞቅ ድረስ ከታገሥነው ነው። ስለዚህ የልጁን ብብት ላቡን ማድረቅ፣ ጫፉን ቆዳው ላይ አግጥሞ ክንዱን ማስጠጋት፣ የብርጭቆ ከሆነ አምስት ደቂቃ ሙሉ መጠበቅ፣ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ እስኪጮኽ መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጁ በብርድ ልብስ ተጀቡኖ ወይም ፀሐይ ላይ ቆይቶ ከሆነ ገለጥ አድርጎ ጥቂት ማቆየት ይገባል።

በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለ ይባላል። ከሁሉም በላይ እናቶች ይህን ያዙልን፦ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ይነጋል ይመሻል ሳይባል ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። መቀዝቀዙም እንደ ማተኮሱ ሁሉ የአደጋ ምልክት ነው። በእጅ ሲዳሰስ የቀዘቀዘ ሕፃን «ደህና ነው፣ ትኩሳት የለውም» ተብሎ የሚተወው ይህን ካለማወቅ ነው።

ቴርሞሜትር ግን ሐኪም አይደለም። ትኩሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ወባ ይሁን፣ የሳንባ ምች ይሁን፣ ሌላ ይሁን አይናገርም። ልጁ ጡት አልጠባም ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና አልነቃ ካለ፣ ቴርሞሜትሩ 37 ቢያሳይም መሄድ ነው። መሣሪያው እናትን ለመርዳት የመጣ እንጂ የእናትን ዓይን ለመተካት የመጣ አይደለም።

አሁን ስለ ሜርኩሪው አደጋ እንናገር። ሜርኩሪ ሲፈስስ እንደ ብር የሚያበራ ድቡልቡል ይሆናል፤ ልጆች እንደ ብይ ሊያንከባልሉት ይወዳሉ። ነገር ግን ሳይታይ ወደ አየር ይተንናል፤ ትነቱም አእምሮንና ኩላሊትን ይጎዳል። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ከተሰበረ ልጆችን ማስወጣት፣ መስኮት መክፈት፣ የወርቅ ቀለበት ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ሜርኩሪ ከወርቅ ጋር ተዋሕዶ ያበላሸዋልና። በመጥረጊያ መጥረግ ክልክል ነው፤ ይበታትነዋል። በጠንካራ ወረቀት ገፋ ገፋ አድርጎ መሰብሰብ፣ የቀሩትን ፍንጣሪዎች በሚያጣብቅ ፕላስተር ማንሣት፣ ሁሉንም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ መክተት ነው። ወደ ፍሳሽ መድፋት ወይም ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል አይገባም።

ዓለምም ይህን ዘግይቶ ተረድቷል። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣው ተመርዞ፣ ዓሣውን የበሉ ብዙ ሰዎች ታመሙ፣ ብዙዎችም ሞቱ፤ በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በዚያች ከተማ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። በዚሁ ስምምነት መሠረት የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና በአገሮች መካከል እንዳይሸጥ ተወስኗል። ስለዚህ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ያገለገለን ባዜቃ በክብር እየተሰናበተ ነው ማለት ነው።

በቦታው ምን መጣ? ከሜርኩሪ ሌላ፣ ጋሊየም ያለበት ፈሳሽ ብረት የተሞላ የብርጭቆ ቴርሞሜትር አለ፤ አሠራሩ ያው የብርሌው ነው። በባትሪ የሚሠራው ግን በመስፋት አይሠራም፤ ሙቀት ሲለወጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው የሚለወጥ ትንሽ ዕቃ በውስጡ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረውም ከቆዳችን የሚወጣውን የማይታይ ጨረር የሚለካ ነው። መስፋት ግን ከቤታችን አልወጣም። የኤሌክትሪክ ካውያ ሲግል ቀጭ ብሎ የሚጠፋው በውስጡ እኩል የማይሰፉ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ስላሉ ነው፤ ሲሞቁ አንዱ ከሌላው ስለሚበልጥ ይቆለመማሉ፣ መሥመሩንም ያቋርጡታል። በጤና ጣቢያ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ለማረጋገጥም የአልኮል ወይም የሁለት ብረት ቴርሞሜትር ያገለግላል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ነገሩን ለማሳጠር የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እድራችን ሜርኩሪ የሌለባቸውን ስድስት ቴርሞሜትሮች ይግዛ። በየጎጡ ለአንዲት አስተዋይ እናት በፊርማ ይሰጥ፤ የተቸገረ ሁሉ በሌሊትም ቢሆን ሄዶ ይዋስ። አጠቃቀሙን አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያ ጠርተን እንማር። በየቤታችን ያለውን አሮጌ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ደግሞ ወደ ቆሻሻ ከመጣላችን በፊት ጤና ጣቢያ እንጠይቅ። መዝገቡን በነፃ ለመያዝ እኛ ፈቃደኞች ነን፤ ብዕሩ ገና አልደረቀብንም።

ወጪው ከአንድ ድንኳን መጠገኛ አይበልጥም። ድንኳኑን ስንተክል የምናጽናናው የቀረውን ሰው ነው፤ ይህችን ዕቃ ስናውስ ግን የሚተርፈው ሕመምተኛው ራሱ ሊሆን ይችላል። ድንኳናችን ለሕፃን ባይተከል የሚከፋው ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም።